ለከስክስ ጫማዬ የሚሆን ክር

ጫማ ስገዛ ሦስት አራት ሱቅ ዞሬ፣ ሶሉን ገልብጬ አይቼ፣ በዋጋ ተከራክሬ ነው። ክር ስገዛ ግን ቀለሙን ብቻ ነበር የማየው። ከአምበር ከተማ እየተነሳሁ በየቀበሌው በእግሬ ዞሬ ከብት የምከትብ ሰው ሆኜ እንዲህ መሆኔ አሁን ሳስበው ያናድደኛል።

ከብት የምንከትበው በበዓል ነው። በሥራ ቀን በሬው ከቀንበር ሥር ነው፤ ማን ፈትቶ ያመጣልሻል? ስለዚህ በሰኔ ማርያም ዕለት የክትባቱን የበረዶ ሣጥን አንግቼ ወደ አንዱ ቀበሌ ወረድኩ። አጎራባቹ ቀበሌ የከብት በሽታ ገብቷል። በረዶው ከቀለጠ መድኃኒቱ ይበላሻል፣ የተሰበሰበው ገበሬም ይበተናል። ዋልካው መሀል ስደርስ የግራ ከስክሴ ክር ተበጠሰ። እግሬ ወጣ፣ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀረ።

ጫማውን ነቅዬ እያነከስኩ ስሄድ አንድ ሽማግሌ ደጃቸው ላይ ቆመው አዩኝ።

«አባባ፣ እባክዎ ትንሽ ቃጫ ይግመዱልኝ» አልኳቸው።

«በማርያም ገመድ አልገምድም» አሉኝ።

ተናደድኩ። እሳቸው ግን ገብተው ምራናቸውን፣ ያንን ቀንበሩን ከሞፈሩ የሚያስሩበትን ጠፍር፣ ከቢላ ጋር ይዘው ወጡ።

«ይሄ የተሠራ ነው፤ ከዳር ቁረጪ። መቁረጡ ባንቺ ነው፣ እኔ የለሁበትም» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ስስቅ እሳቸውም ሳቁ። በቁመቱ ቀጭን አድርጌ ተለተልኩ፣ ውኃ ውስጥ ነክሬ አለስልሼ ጫማዬን አሰርኩበት። በረዶው ሳይቀልጥ ደረስኩ። የመጣውን ከብት ሁሉ ከተብኩ፤ የእሳቸው አንድ በሬም ነበረበት።

ቤቴ ስገባ ጠፍሩ ደርቆ እግሬን ጨምድዶ ይዞታል። እርጥብ ቆዳ ሲደርቅ እንደሚኮማተር የገበሬ ልጅ ሆኜ ረሳሁት። ጫማዬን ያወለቅኩት ጠፍሩን በቢላ ቆርጬ ነው።

ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ወደ ጫማ ጠጋኝ ሄድኩ። ሰውየው የተበጠሰውን ክር አየና ጣቴን ይዞ የክሩ ማስገቢያ ቀለበት ላይ አሳረፈው። ብረቱ ተሰንጥቆ ስለት አውጥቷል። ያንን ሳላይ ስንት ክር ረግሜያለሁ! በሞረድ አለሰለሰልኝና ክር አስመረጠኝ። የጥጡ ጭቃ ጠጥቶ ይበሰብሳል። ድቡልቡሉ ናይለን አይበጠስም፣ ግን መንገድ ላይ ይፈታል። ጥቅጥቅ ብሎ የተጎነጎነውን፣ ሲጫኑት ውስጡ ባዶ ያልሆነውን ወሰድኩ። ርዝመቱን በአሮጌው ለክቼ፣ ሁለቴ ለመቋጠር አንድ ስንዝር ጨመርኩ። ሁለት ጥንድ ገዛሁ።

ከይጁቤ ገበያም አዲስ ምራን ገዝቼ ለሽማግሌው ወሰድኩላቸው። ሞፈሩ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እኔ ያሳሳሁት ምራን በማግስቱ ሲያርሱ ተበጥሶባቸዋል። አንድ በሬ ስላላቸው የሚያርሱት ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው በተራ ነው። ምራን እስኪያገኙ ተራቸው አልፏል። አፈርኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር።

«እንዲህ እንደሚሆን ያውቁ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ አባባ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

አዲሱን ምራን በእጃቸው ሳብ ሳብ አድርገው ጥንካሬውን ሞከሩት።

«ብነግርሽ ትቆርጪው ነበር?» አሉኝ። «በሬው በሕይወት ካለ ተራው ይመጣል።»