በሰበዝ የተመረጠ ትምህርት

«ልጄ ታሪክ ነበር የሚወደው። ምነው ያን ጊዜ ፊዚክስ መረጠ?»

ዛሬ ቢቸና ላይ እንዲህ ብለው የጠየቁኝ እማማ ጥሩወርቅ ናቸው፤ የጓደኛዬ የይበልጣል እናት።

በደርግ ጊዜ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሰን የመንግሥት ሥራ ፈተና ልንፈተን ሞጣ ሄድን። ከሒሳብና ከአማርኛ ሌላ ከታሪክና ከፊዚክስ አንዱን ምረጡ ተባለ። ሁለታችንም የምንችለው ታሪክ ነው።

«ከአንድ ከተማ በአንድ ትምህርት ሁለት ሰው አይወስዱም» ተብሎ ተወራ። እንዳንሻማ ብለን በሰበዝ ዕጣ ተጣጣልን። ረጅሙ ታሪክ፣ አጭሩ ፊዚክስ። ለይበልጣል አጭሩ ወጣ።

ወሬ አማኞች! ውጤት ሲለጠፍ ታሪክ የመረጡ ሦስት የቢቸና ልጆች አብረውኝ አልፈዋል።

ይበልጣል ወደቀ። በዚያው ዓመት ሥራ ፈት ተብሎ ለብሔራዊ ውትድርና ታፈሰ፤ አልተመለሰም። እኔ ይኸው ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ።

«ዕጣ ወጥቶበት ነው፣ እማማ» አልኳቸው።

«እግዜር ያለው ነዋ» አሉና ጉንጬን ሳሙኝ።

ሰበዞቹን ጨብጬ ያስመዘዝኩት እኔ ነበርኩ። አጭሩን ረጅም እንዲመስል ከፍ አድርጌ ነው የያዝኩት።

እናንተ ብትሆኑ ለእናቱ ትነግሯቸዋላችሁ? ወይስ እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ይዛችሁ ነው የምትኖሩት?