የንግሥት አጭር ደጋን

ከአዲሱ ገበያ ወረድ ብሎ ባለው የጉለሌ ሰፈር ወሬ የሚጀምረው ከቦኖው ነው፤ ቦኖው ዘንድ ደግሞ ማሚቴ አለች። ቀበሌው የቀጠራት ውሃ እንድትቀዳ ነበር። እሷ ግን ውሃውን በባልዲ፣ ወሬውን በበርሜል ታድላለች። የማን ልጅ ከማን ጋር እንደታየች፣ የቀበሌው ሱቅ ስኳር መቼ እንደሚያስገባ፣ የትኛው ካድሬ ከሚስቱ ተጣልቶ ሶፋ ላይ እንዳደረ ከማሚቴ ቀድሞ የሚያውቅ ቢኖር ራሱ ካድሬው ነው። እሱም አንዳንዴ የሚሰማው ከእሷ ነው።

በዚያ ዓመት፣ ሰባ ስምንት ላይ መሆኑ ነው፣ የማሚቴ አፍ የወደቀው ዋቅጋሪ ላይ ነበር።

ዋቅጋሪ ኮርቻ ጠጋኝ ነው። በልጅነቱ ከሱሉልታ ወርዶ፣ አዲሱ ገበያ ከፈረስ ማሰሪያው አጠገብ ተቀምጦ፣ የባላገሩን ኮርቻ ሲሰፋና ሲያቃና ፀጉሩ ነጣ። ሲስቅ ከአጥር ወዲያ ይሰማል፣ ሲናደድም እንዲሁ። ፊቱ ምስጢር አይችልም። ሚስቱ ንግሥት "ይሄ ሰውዬ ሊዋሸኝ ሲያስብ ገና ከመንገድ አውቅበታለሁ" ትላለች። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፣ ስለሺ። ብሔራዊ ውትድርና ወስዶት ሰሜን ጦር ሜዳ ነበር።

ነገሩ የመጣው ስለሺ በፈቃድ በመጣ ጓደኛው አፍ "እማዬ፣ የዚህ አገር ብርድ አጥንት ይገባል" ብሎ የላከ ጊዜ ነው። ንግሥት ጋቢ ልሥራለት ብላ ተነሣች። የገበያ ጋቢ አይሆንላትም፤ ራሷ ጥጡን ከፍሬው አዳምጣ፣ ራሷ ነድፋ፣ ራሷ ፈትላ ሽሮ ሜዳ ልታሸምነው። ጥጡን ከዚህም ከዚያም ብላ አገኘች። የጎደላት ዓይን ነበር። ግራው ከጠፋ ቆይቷል። ቀኙን ደግሞ ሞራ ሸፍኖት ምስርና ጠጠር አትለይም። ጥጡን የምትነድፍበትን ደጋን፣ ያንን በጅማት የተወጠረ ጎባጣ እንጨት፣ ደጃፏ ላይ ሳታየው ረግጣ ሰበረችው። ስንት ዓመት ሙሉ "ቢላ ዓይኔ አይደርስም" ብላ ስትሸሽ የኖረች ሴት፣ የተሰበረውን እንጨት በእጇ እየዳሰሰች "በቃ፣ ይቅደዱኝ" አለች።

ቀደዷት። ሐኪሙ ዓይኗን አሽጎ ሲያሰናብታት ዋቅጋሪን ለብቻው ጠራው።

"ጭስ የለም፣ ማጎንበስ የለም። ከሁሉ በላይ ለቅሶ የለም። ስፌቱ ሳይጠና ካለቀሰች ይሄም ዓይን ይሄዳል፤ ሌላ ደግሞ የላትም።"

"እኛ ቤት የሚያለቅሰው እኔ ነኝ፣ አያስቡ" አለ ዋቅጋሪ። ሐኪሙም ሳቀ።

ዓይኗ ተፈቶ ጥጥ መንደፍ እስክትችል ድረስ አዲስ ደጋን ሊያደርስላት ዋቅጋሪ ቃል ገባ። እጁ ላይ የነበረው ደረቅ እንጨት ከኮርቻ የተረፈ የወይራ ቁራጭ ብቻ ነው፤ ክንድ ተስንዝር ቢሆን ነው። እንጨቱ ሲያጥር ደግሞ ችግር አለበት፤ ስታጎብጠው ጀርባው ይወጠርና ጧ ይላል። ረጅም ለመቁረጥ እንጦጦ መውጣት በደን ጠባቂ መያዝ ነው። ስለዚህ አባቱ የተሰነጠቀ ኮርቻ ሲያድን ያየውን ሊያደርግ አሰበ፤ የእንጨቱን ጀርባ ጅማት ማልበስ።

ከሉካንዳ ቤት የበሬ የኋላ እግር ጅማት ለምኖ አመጣ። አድርቆ በድንጋይ ወቀጠው። ጅማት ሲወቀጥ እንደ ቃጫ ይፈታል፤ እየሰነጠቀ እያበጠረ እንደ ሽማግሌ ጺም አደረገው። ከዚያ የቆዳ ቁርጥራጭ በጣሳ ጥዶ ሙጫ መቀቀል ያዘ። ጭሱ ንግሥት ዘንድ እንዳይደርስ ከአጥሩ ሥር ነው የሚጥደው። አጥሩ ደግሞ ከቦኖው ጋር የሚያዋስን ነው። ሽታው ወረፋውን ሁሉ አፍንጫ አስያዘው።

"ዋቅጋሪ፣ ዛሬም ጫማ ቀቀልክ?" ትላለች ማሚቴ ከአጥር ወዲያ።

"የግራውን ነው። የቀኙን ለእሑድ አቆይቼዋለሁ።"

"ንግሥትን ያሰሯት እኮ ዓይኗን ነው፣ አፍንጫዋን አይደለም። እዘንላት እንጂ።"

"ያንቺን አፍ አስረውት ቢሆን እኔም ባዘንኩ።"

"ቀስትህን ለአብዮት ጥበቃ ልናገርብህ ነው። ማንን ልትወጋ ነው?"

"የምሞክረው ባንቺ ነው። ዒላማው ሰፊ ነው፣ አልስትም።"

ወረፋተኛው ይንከተከታል። ንግሥት ዓይኗ እንደታሸገ በርጩማዋ ላይ ሆና ፈገግ ትላለች፤ ቁርሷ ይሄ ነበር። ልብስ ሰፊው መሸሻም በደጃፉ ሲያልፍ "የድሃ ክራር አልደረሰም?" ሳይል አያልፍም።

አንድ ጠዋት ክራንች የያዘ ወታደር ቦኖው ዘንድ መጥቶ የስለሺን ቤት ጠየቀ። ማሚቴ "ምን ልትላቸው ነበር?" አለችው። ነገራት። አንድ ምሽግ ውስጥ ነበሩ። እሱ እግሩን ትቶ ወጣ፣ ስለሺ አልወጣም።

ሰፈሩ እንደሚያውቃት ቢሆን፣ የያዘችው ባልዲ ሳይሞላ ወሬው ጳውሎስ ሆስፒታል ይደርስ ነበር። ያን ቀን ቧንቧውን ዘጋች። ወታደሩን ቤቷ አስቀምጣ፣ ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ የእድሩ ዳኛ አቶ ተክለሃይማኖት ዘንድ ሄደች። መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም፤ እድርተኛው ተሰብስቦ ማለዳ ሄዶ ነው የሚያረዳው። አቶ ተክለሃይማኖት ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ዓይኗ እስኪሽር ማንም አይተነፍስም።"

"ለዋቅጋሪስ?"

"ለዋቅጋሪ መንገር ለእሷ መንገር ነው። የዚያን ሰው ፊት አታውቂውም?"

ያ ሰፈር፣ የሰው ወጥ ጨው እንዳነሰው ከባለቤቱ ቀድሞ የሚያወራ ሰፈር፣ ይህን ያዘ። ሕፃናቱ ሳይቀሩ ያዙት። የያዙበት መንገድ ግን ጉድ አመጣ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ደግ ሆኑ።

ዋቅጋሪ ጀሪካኑን ይዞ ቦኖ ሲደርስ፣ የቀበሌውን ሊቀ መንበር ሚስት ሳይቀር ወረፋ የምታስይዘው ማሚቴ ቀና ብላ ሳታየው "ና ቅደም" አለችው። ከወረፋው አንድም ሰው አላጉረመረመም። ሙጫውን ከአጥሩ ሥር ጥዶ ስድቡን ጠበቀ፤ ከወዲያ የውሃ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። ከሰዓት በኋላ መሸሻ በደጃፉ ሲያልፍ ቆመ፣ ደጋኑን አየ፣ "እጅህ ይባረክ" ብሎት ሄደ።

መሸሻ በዕድሜው የሰው ሥራ አመስግኖ አያውቅም። ዋቅጋሪ እጁን ታጥቦ ወደ ዳኛው ቤት ወጣ።

"አቶ ተክለሃይማኖት፣ መርዶ ሳይኖረኝ አይቀርም" አለ በሩ ላይ።

"ማን ነገረህ?"

"ማንም። ሰው ሁሉ አከበረኝ።"

ዳኛው ወንበር ሳቡለት። አልተቀመጠም።

"ልጄ አንድ ነው፤ ማን እንደሆነ አልጠይቅዎትም። ስሙን እንዳይጠሩብኝ። እውነት ከሆነ ራስዎን ብቻ ይነቅንቁ።"

ነቀነቁ። ዋቅጋሪ ሊጮህ አፉን ሲከፍት አቶ ተክለሃይማኖት ቀድመው "ንግሥት" አሉት። እሱም የኮቱን እጅጌ አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ ግድግዳው ላይ ተደገፈ። የኮቱ ጨርቅ የተቀደደው ያኔ ነው፤ ኋላ መሸሻ ነው የጠገነለት፣ ሳይጠይቀው።

ቤቱ ሲገባ ንግሥት ወደ ኮቴው ፊቷን አዞረች።

"ዋቅጋሪ፣ ምነው ሰፈሩ እረጭ አለ? ማሚቴ ታመመች እንዴ? ስድብ ከሰማሁ ሰነበትኩ።"

"ምን አውቄላት።"

"ድምፅህስ ምን ሆነ?"

"ጉንፋን ነው።"

ፊቱን ባለማየቷ እግዜርን አመሰገነ፤ ወዲያው በምስጋናው አፈረ። ጀሪካኑን አንሥቶ ተመልሶ ወጣ።

ማሚቴ ገና ስታየው እንዳወቀ ገባት፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እሱ ግን ቀርቦ በዝግታ "ስደቢኝ" አላት።

"ምን?"

"ነገ ጠዋት ሙጫ እጥዳለሁ። እንደ ወትሮሽ ስደቢኝ። ዓይኗ ነው እንጂ የታሰረ፣ ጆሮዋ ክፍት ነው፤ ዝምታችሁን ሰምታለች።"

"እንዴት አድርጌ ዋቅጋሪ? በየትኛው አንጀቴ?"

"እኔስ በየትኛው ልመልስልሽ ነው? እንረዳዳ እንጂ።"

በማግሥቱ ጣሳው መፍላት ሲጀምር ከአጥር ወዲያ ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ። "ዋቅጋሪ፣ የቀኙን ጫማ ጀመርከው?" አለች ማሚቴ። ድምፅዋ መሐል ላይ ተሰበረና በሳል ሸፈነችው። እሱም "አልቋል፣ አሁን ቀበቶዬ ላይ ደርሻለሁ" አለ። "እንግዲያው ሱሪህ ሲወርድ እንዳልስቅብህ።" "ሳቂ፣ ምን ቀረሽ።" ወረፋው መሳቅ ነበረበት፤ ሳቀ። አንዲት ሴት እየሳቀች ነጠላዋን በዓይኗ ላይ ጎትታ ወደ ግድግዳ ዞረች። ንግሥት ግን ከልቧ ነው የሳቀችው።

"ቀስ፣ እንባ እንዳይመጣሽ" አላት ዋቅጋሪ።

"የሳቅ እንባ ምን ያደርጋል?"

"እሱም እንባ ነው።"

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቤት ውስጥ፣ አጠገቧ ተቀምጦ የሚሠራ ነበር። የተበጠረውን ጅማት በሞቀ ሙጫ ይነክራል፣ በጣቱ ይጨምቃል፣ ከእንጨቱ መሐል ወደ ጫፍ እያስተኛ ይለጥፋል። አንዱ ሳይደርቅ ሌላ አይደረብም። ፀሐይ ካገኘው ይሰነጠቃል፣ ካጣደፉት ይላጣል። ንግሥት ስለ ጋቢው ታወራለች፤ ጥለቱ ምን ይሁን፣ ማን ይዞለት ይሂድ፣ ስለሺ ቁመቱ ጨምሮ ቢሆንስ። ዋቅጋሪ "እንደሱ ነው" "ጨምሮ ይሆናል" እያለ ይመልሳል፣ እንባው በጺሙ ላይ ወርዶ ሙጫው ውስጥ ይንጠባጠባል። አጠገቧ ሆኖ ማልቀስ ይችላል፤ አፍንጫውን መሳብ ግን አይችልም። ሲያመልጠው "ይሄ ጉንፋን" ይላል። እሷም ጤና አዳም ይሻልሃል ትለዋለች።

ሁለት ሽፋን ይበቃ ነበር፤ ሦስተኛ ደረበ፣ እንደገናም ጨመረ።

"አልበዛም?" አለችው በጣቷ ዳስሳ።

"ይጥና ብዬ ነው።"

ደጋኑ እስካላለቀ ድረስ ጋቢ የሚጠብቅ ልጅ አለ። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ማሚቴ ግን ደርሳበታለች፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ።

የማይደርቅ የለምና ጅማቱ ደረቀ፣ ዓይኗም ተፈታ። ሐኪሙ ወፍራም መነጽር ሰጥቶ "ከአሁን በኋላ እንደፈለግሽ" አላት። መጀመሪያ ያየችው ዋቅጋሪን ነበር። "ምን ሆነህ ነው እንዲህ ያረጀኸው?" አለችው። "ያንቺ ዓይን ነው ያልለመደ" ብሎ ቀድሟት ወጣ። ያን ቀን ሙሉ ፊቱን አላሳያትም፤ አጎንብሶ ደጋኑ ላይ የጠመጠመውን ጨርቅ ፈታ፣ ሞረደ፣ አውታሩን ወጠረ። አጭሩ እንጨት እንደ ጨረቃ ጎበጠ፤ ጧ አላለም።

ንግሥት ተቀብላው ጥጡ ላይ ነዘረችው። ጥጡ ብድግ ብድግ እያለ እንደ ጉም ተነፋ። እሷ እስኪመሽ ስትነድፍ አቶ ተክለሃይማኖት ዋቅጋሪን አስጠርተው መርዶው ነገ ማለዳ ይነገራት አሉት፤ እሱ "ጋቢው እስኪሸመን" ብሎ ለመነ። ዳኛው "ሐኪሙ ፈቅዷል። ለሌለ ሰው ስታስፈትላት ብትኖር ኋላ ምን ትለናለች?" አሉት።

ማለዳ በሩ ተንኳኳ። የከፈተችው ንግሥት ናት። ወትሮ ደጃፏ ላይ የምታየው ጥላ ብቻ ስለነበር "ማነው?" ትል ነበር። ያን ማለዳ አልጠየቀችም። ተክለሃይማኖት ባርኔጣቸውን አውልቀዋል፣ መሸሻ መሬት መሬት ያያል፣ ማሚቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከንፈሯን ነክሳለች። እያንዳንዱን ፊት ጥርት አድርጋ አየችው። ሐኪሙ ሥራውን አሳምሮ ስለነበር፣ ማንም አፉን ሳይከፍት አወቀች።

ጩኸቷ አዲሱ ገበያ ተሰማ ይላሉ። ዓይኗ ግን ቻለው፣ ስፌቱም አልፈረሰም።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ጋብ ሲል ዋቅጋሪን ፈለገችው። ከጓዳው ጥግ ተቀምጧል። ጠዋት ሁሉም ሲያለቅስ እሱ ደርቆ ነበር፤ ሰዎችም አይተው ተንሾካሹከዋል። አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች።

"አንተ መቼ ሰማህ?"

"ጅማቱን መለጠፍ ስጀምር።"

ንግሥት ሳቁን፣ ጉንፋኑን፣ ከአጥር ወዲያ የመጣውን ያን ሁሉ ቀልድ አንድ በአንድ አስታወሰች።

"አጠገቤ ተቀምጠህ?"

"አጠገብሽ።"

"ብቻህን?"

ንግሥት መነጽሯን አውልቃ ከጎኗ አስቀመጠችና፣ ራሱን ስባ ጭኗ ላይ አስተኛችው።

"በል አሁን አልቅስ" አለችው።