የሰልዋ ሳንባና የአማቷ ስም

ሰልዋ ጨርቅ ልገዛ ነው አለች። በአንድ ሳምንት ሦስቴ ኮምቦልቻ ወርዳ፣ ሦስቴም ባዶ እጇን ቤቷ ሆጤ ገባች። ጨርቅስ የት አለ? በኛ ሰፈር እንኳን ባዶ እጅ፣ የፌስታል ቀለም ይቆጠራል።

የሰልዋ ጉዳይ ወረቀት ነበር። ባሏ ጀላል ካናዳ ከገባ አራት ዓመቱ ነው፤ ሊወስዳት ሁሉ ነገር አልቆ የቀራት የጤና ምርመራ ብቻ። አዲስ አበባ ሄዳ ደረቷን ራጅ ተነሳች። ሐኪሟ ራጁን ደጋግማ አየችና፣

"ሳንባሽን ታመሽ ታውቂያለሽ?" አለቻት።

ሰልዋ "ወላ..." ብላ ጀምራ አፏን ያዘች። ሌላ ሌላውን ትዋሻለች፤ በአላህ ስም ግን አትዋሽም። "አዎ" አለች፣ "አሥራ አምስት ዓመት ሆነው።"

"ታክመሽ ከዳንሽ አያስቀርሽም። መድኃኒቱን የጨረስሽበትን ወረቀት ታመጫለሽ። ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት አክታ ትሰጫለሽ፤ ውጤቱ ሁለት ወር ይፈጃል። ንጹሕ ከሆነ ትሄጃለሽ። እዚያ በደረስሽ በወሩ ደግሞ ለአገሩ ጤና ቢሮ መምጣትሽን አሳውቀሽ ክትትል ትጀምሪያለሽ። እዚህ ጋ ፈርሚ።"

"እነሱስ በምን ያገኙኛል?"

"በሰጠሽው አድራሻ ደብዳቤ ይልካሉ።"

የሰጠችው አድራሻ የጀላል ቤት ነው። ጀላል ደግሞ ሚስቱ ሳንባዋን ታማ እንደነበር አያውቅም። ፈረመች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጫዋ እሾህ ሆነባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ለጀላል ታጭታ፣ ኒካሁ ሊታሰር ሰባት ወር ሲቀረው ሳል ያዛት። ደም ቀላቀለ። "ሳንባዋን ነው" ከተባለ የትኛዋ አማት ትቀበላለች? እናቷ "ስፌት ልትማር ነው" ብላ ኮምቦልቻ አክስቷ ዘንድ ደበቀቻት። ስድስት ወር ሙሉ በየማለዳው አንዲት ጤና ጣቢያ እየሄደች ክኒኗን ነርስ ፊት ዋጠች። ስፌቱንማ ተዪው፣ ቁልፍ መትከል እንኳ አታውቅም። ጀላል ቁልፍ ሲበጠስበት እናቱ ቤት ይዞ ይሄድ ነበር።

ካርድ ስታወጣ ስሟን ሲጠይቋት የራሷን መናገር ፈራች። ያኔ በልቧ የምትመላለሰው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፣ የምትፈራት። "ሐዋ ይማም" አለች። ሐዋ ይማም ማለት የጀላል እናት ናት።

እንግዲህ ያን ወረቀት ፍለጋ ነው የምትወርድ የምትወጣው። ያኔ ክኒኗን ያስዋጣት ነርስ ምንይሉ ዛሬ ፀጉሩ ሸብቷል፣ እሷን ግን አልረሳም።

"መዝገቡ ሐዋ ጨርሳለች፣ ድናለች ይላል። ለሰልዋ ምን ብዬ ልጻፍ?"

"እኔ ነኛ። አንተ ታውቀኝ የለ?"

"እኔ አውቅሻለሁ፣ ማኅተሙ ግን አያውቅሽም። ምስክር አምጪ።"

ምስክሮቹ እናቷና አክስቷ ነበሩ፤ ሁለቱም አፈር ገብተዋል።

"እንግዲያው ባለስሟን አምጪ" አለ። "ታማሚዋ እኔ አይደለሁም ብላ ትፈርም።"

ሰልዋ ተመለሰች። በማግስቱ ሌላ መላ ይኖር እንደሁ ብላ ወረደች፤ የለም። ደግማ ወረደች፤ የለም። ቤት ገብታ የታጠበ ልብስ ታጥባለች፣ ሻንጣ ከፍታ ትዘጋለች፣ በር ድረስ ወጥታ ለምን እንደወጣች ይጠፋታል። ጀላል ደውሎ "ድምፅሽ ምን ሆነ?" ሲላት "አቧራ ነው" ትላለች። በሐምሌ ዝናብ የምን አቧራ?

በመጨረሻ ቀኑን መረጠች፤ ጮሌ ናት። ሐዋ እግሯን ሒና ተቀብታ፣ በፌስታል ታስራ የተቀመጠችበት ቀን ነበር። ተነስታ መሄድ አትችልማ።

"እማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ እንዳይቆጡኝ።"

"እንዳልቆጣ ነው እግሬ እስኪታሰር የጠበቅሽ?"

ነገረቻት፤ ሳሉን፣ ስፌቱን፣ ስሙን። ሐዋ ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣

"የእናትሽ ስም ምን ሆነና?" አለች።

"የእናቴ ስም እንዳይነሳ ብዬ።"

"የእኔ ይነሳ።" የታሰረ እግሯን አየች። "በይ ለጀላል ደውይ። ከደብዳቤ ከሚሰማ ካንቺ ይስማ። እኔ የትም አልሄድም።"

ደወለች። ሁሉንም ነገረችው። ሰልዋ ስልኩ የተቋረጠ መስሏት ሁለቴ "አለህ?" አለች።

"በሽታ ነው?" አለ በመጨረሻ። "እኔ እኮ ሌላ ሰው ወደሽ ኮምቦልቻ የከረምሽ መስሎኝ ነው የኖርኩት። ስድስት ወር ስፌት ተምራ ቁልፍ የማትተክል ሴት የት አለች?"

ሐዋ ከወዲያ፣ "ጠርጣራ፣ በአባቱ ወጣ" አለች።

ሰኞ አማትና ምራት አንድ ሚኒባስ ይዘው ወረዱ። ሐዋ ፈረመች፣ ምንይሉ ጻፈ፣ ማኅተሙን መታ። አሁን የቀረው የአክታው ሁለት ወር ነው፤ ሰልዋ ዛሬም ቀን ትቆጥራለች። ግን ወረቀቱን ሊሰጣት ሲል ነርሱ ሐዋን አተኩሮ አያት።

"እናቴ፣ እርስዎንም አውቅዎታለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሳምንቱ 'ሐዋ ይማም' ብዬ ስጠራ እርስዎ ተነሱ። ክኒን ሰጠሁዎት፣ ዋጡት። የእሷ ነበር፤ ስህተቱን ሳውቅ ሮጬ ብወጣ ሄደዋል።"

ሐዋ አስታወሰች። ጉልበቷን ልትታይ እዚያው ጤና ጣቢያ የወረደች ቀን ነው። ዞር ብላ ሰልዋን አየች፤ ሰልዋ መሬት መሬት ታያለች። ያን ቀን ከኋላ አግዳሚ ላይ ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ስባ ተቀምጣ ነበር፤ አማቷ ክኒኗን ስትውጥ እያየች ዝም።

ያ ክኒን ደግሞ ሽንት ያቀላል። ሐዋ ያኔ ቤቷ ገብታ ቀይ ስታይ ሞቴ ደረሰ ብላ ሙክት አሳረደች፣ ጎረቤቱን ሁሉ ለዱዓ ጠራች። የልጇ እጮኛም ከኮምቦልቻ ተጠርታ መጣች። ሰልዋ፣ ነገሩን ከሁሉ ለይታ የምታውቀው ሰልዋ፣ ከሁሉ ጮክ ብላ "አሚን" አለች፣ ሁለቴ ተጨምሮላት በላች፣ ስትወጣም የበጉን ላት በፌስታል ይዛ ሄደች።