የጋሽ መታወቂያ ዘበኞች

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ዘበኛ እናቱ ያወጣችለት ስም ከተረሳ ሰነባብቷል፤ ሁሉም «ጋሽ መታወቂያ» ነው የሚለው። ሥራ አስኪያጁን እንኳ መታወቂያ ሳያይ አያስገባም።

ስለዚህ የደም ካንሰር ሲይዘው ከሕመሙ ይልቅ ያንገበገበው የሐኪሟ ማብራሪያ ነበር።

«የሰውነትዎ ዘበኞች ነጭ የደም ሴሎች ናቸው» አለችው። «ካንሰሩ ግን ከራስዎ ሴል የተነሳ ስለሆነ፣ የቤት ሰው መስሏቸው ዝም አሉት።»

«የእኔ ዘበኞች?» ደሙ ፈላ።

«አይቆጡ። ከደምዎ እናወጣቸውና የካንሰሩን መለያ እንዲያውቁ አድርገን በቤተ ሙከራ እንቀይራቸዋለን። ከዚያ አባዝተን እንመልስልዎታለን።»

«ሥልጠና ይገባሉ በይኛ!»

ሠልጣኞቹ በትንሽ ከረጢት መጥተው በክንዱ ገቡ። ከቀናት በኋላ ትኩሳቱ ሲንር ነርሶቹ መድኃኒት ይዘው ተሯሯጡ፤ ባለቤቱም እንባዋ መጣ። እሱ ግን ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ «አይዞሽ፣ በር ላይ ግርግር ተነስቶ ነው» አላት።

እውነትም ትኩሳቱ በረደ፤ ቆይቶ በተደረገው ምርመራም ካንሰሩ የለም ተባለ። ሐኪሟ እሱን አቀፈች፣ ባለቤቱ ሐኪሟን።

ሥራ በተመለሰ ቀን ባለቤቱ ምሳውን ይዛ ከች አለች። እሱ ደረቱን ነፍቶ በሩ ላይ ተገተረ።

«መታወቂያ!»

«አብደሃል እንዴ? ሚስትህ ነኝ እኮ!»

«ያም የቤት ሰው ነኝ ብሎ ነው የሸወደኝ።»

«እንግዲያው ምሳህም መታወቂያ የለውም» ብላ ዞረች።

ያኔ ጋሽ መታወቂያ በዘበኝነት ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይጠይቅ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ።