አንድ ጉንጭ የጭስ ቢራ

እትዬ በረኪናን የማያውቅ ሰው በሰፈሩ ካለ፣ ልብሱ ቆሽሾበት የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። በሁለት ማሽንና በአንድ የካውያ ጠረጴዛ ሠላሳ አንድ ዓመት ልብስ አጥባለች። ስሙን ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው፤ እሷም አልተቀየመችም። የቀለሙም የዘይቱም እድፍ ከእጇ አያመልጥም። ሽታ ከሆነማ ጉድ ነው፤ ልብስ ስትቀበል መጀመሪያ የምታደርገው ወደ አፍንጫዋ ማስጠጋት ነው።

ይቺ ሴት ያገባችው ማንን መሰላችሁ? የዳቦ ቤት እሳት አንዳጅ። ሰውዬው ሌሊቱን በእንጨት ምድጃ ፊት ያድርና ንጋት ላይ ሲገባ ጭሱ ከሱ ቀድሞ ቤት ይገባል። እሷ በሩ ላይ ትጠብቀውና ሸሚዝህን ከደጅ አውልቅ እያለች ትነዘንዘዋለች። እሱ ሆዬ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው፤ "እሳት ካየው ምን ለየው፣ እኔም ያው ዳቦ ነኝ" ይልና አልፏት ቁርሱ ላይ ቁጭ ይላል።

ሲሞት፣ በቀብሩ ማግስት ሰው ተበታትኖ ቤቱ ጭር ሲል፣ በር ኋላ የተሰቀለውን የሥራ ሸሚዙን አየች። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ፤ እጇ ሳታዘው አውርዶ ማሽን ውስጥ ከተተው። ነገሩ የገባት ሸሚዙን ልታሰጣ ስታወጣው ነው። አሸተተችው፤ ሳሙና፣ ሳሙና ብቻ። በቀብሩ ላይ ያላለቀሰችውን ያን ቀን አለቀሰች። ሥራዋን አሳምራ ስለሠራች ያለቀሰች ሴት እኔ ሌላ አላውቅም።

ሁለት ዓመት አለፈ። መልኩን ፎቶግራፍ ይዞላታል፤ ሽታው ግን ጠፋባት፣ ናፍቆቷም እዚያው ሽታው ላይ ተተከለ። ትራሱን አሸተተች፣ ካፖርቱን አሸተተች፣ የጫማውን ውስጥ ሳይቀር አሸተተች፤ የቀረ ነገር የለም። ቤቷ ንጹሕ ነው፣ ምን ይደረግ። አንድ ቀን ጓሮ እንጨት አነደደች፤ ጭስ ሸተታት እንጂ እሱ አልሸተታትም። ዳቦ ቤቱም የኤሌክትሪክ ምድጃ ካስገባ ቆይቷል።

ባለፈው ወር አንድ መላጣ ሰው ከቤቷ ጀርባ ባለው መንገድ ላይ ትንሽ የቢራ መጥመቂያ ከፈተና ስድስት ሽርጥ አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈ። እንደ ልማዷ አንዱን አንስታ አሸተተች፣ እዚያው ደርቃ ቀረች። ጭስ ነው፤ ከጭሱ ሥር ደግሞ የተጠበሰ እህል አለ። ነገ ና ብላ ሸኘችው።

በማግስቱ መጣ፤ አልደረሰም አለችው። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። ቀጠሮ አጓድላ የማታውቅ ሴት! ጠማቂው ግን ዓይን አለው፤ ሽርጦቹ ከነእድፋቸው ተጣጥፈው መደርደሪያ ላይ መቀመጣቸውን አየና ጠየቃት። ለማንም ያልተነፈሰችውን፣ የሸሚዙን ነገር ሳይቀር አወራችው።

ጠማቂው አልሳቀም። የቢራውን ብቅል በእንጨት ጭስ እንደሚያደርቀው፣ ቢራውም ጭሱን ይዞ እንደሚቀር አስረዳት፤ ሄዶም አንድ ጠርሙስ አመጣ። ብዙ ሰው አንዴ ቀምሶ ፊቱን አጨማዶ ይመልስልኛል እያለ በሻይ ብርጭቆ ቀዳላት። መልኩ ቡናማ ነው፣ አረፋውም ወፍራም።

ተጎነጨች። መጀመሪያ ጭሱ መጣ፣ ቀጥሎ ትኩስ የዳቦ ቅርፊት፣ መጨረሻ ላይ እንደ ላብ ጨው ጨው የሚል ነገር። ዓይኗን ጨፈነች። ከደጅ አውልቅ ልትለው ምንም አልቀራት።

"መጣህ?" አለች ቀስ ብላ፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ጠማቂው ፊቱን ወደ ማሽኖቹ አዞረ።

ቸኮለች። ሁለተኛውን ስትጎነጭ ሽታው ቀነሰ፤ ሦስተኛው ላይ ቢራ ሆነ፣ ደህና ቢራ። ደንግጣ ብርጭቆውን አገላብጣ አየችው፤ ምን ጨመርክበት ስትልም ጠየቀችው።

"ቢራውስ ያው ነው እትዬ፣ ምላስዎ ለምዶት ነው" አላት። "ከሦስተኛው ጉንጭ በኋላ ጭሱ ለማንም አይታወቅም። እኔማ ውስጡ ስለምውል ከጠፋብኝ ቆየ።"

እትዬ በረኪና ባሏን አሰበች። ያ ሁሉ ንዝንዝ በር ላይ ነበር። ቁርስ ቀርቦ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድም ቀን ሸተትከኝ ብላው አታውቅም።

"ለካ እኔም ይሸተኝ የነበረው ሲገባ ብቻ ነው" አለች፤ ብርጭቆውንም ገፋ አደረገችው። አልወደዱትም እንዴ ቢላት፣ ወድጄዋለሁ፣ ለዛሬ ግን ይበቃኛል አለችው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ወደ መጥመቂያው ብቅ ትላለች። አንድ ጉንጭ ትጎነጫለች፤ ሊጨምርላት ሲል ብርጭቆውን በመዳፏ ትከድነዋለች። ሽርጦቹን ቢራውን በቀመሰች ማግስት አጥባ መልሳለታለች፣ አምስቱን። ስድስተኛውን ጠፋብኝ አለችው፤ እሱም የት ብሎ አልጠየቃትም።

ስድስተኛው ሳይታጠብ በር ኋላ፣ በሸሚዙ ቦታ ተሰቅሏል። እትዬ በረኪና ሲነጋ ደጅ ትወጣለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ ጥቂት ትቆማለች። ከዚያ ከፍታ ትገባለች።