ኮርቻ ሠሪ ቻለ የሚባለው መቼ ነው?

ከደብረ ብርሃን የተነሣሁት ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ነው። በከተማችን ለጎልማሶች ኮርቻ ሥራ አስተምራለሁ። ሁለት ተማሪዎቼን «ሙያችሁን ጨርሳችኋል» ብዬ መርቄ ካሰናበትኳቸው ወዲህ፣ የሠሯቸው ኮርቻዎች የሰው በቅሎ ጀርባ ገጠቡ። አገረ ገዢው አስጠሩኝና «አንድ ሰው ቻለ የምትለው ምን ሲያደርግ አይተህ ነው?» አሉኝ። «ስፌቱን አይቼ ነው» አልኩ። «እንግዲያው ጠይቀህ ና። እስክትመለስ ማንንም እንዳትመርቅ» አሉ። አራዳ ወዳሉት ኮርቻ ሠሪ፣ ወደ ወሎዬው አቶ ይማም የሄድኩት ለዚህ ነው።

በመንገድ

ሸኖ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ያሳደሩኝ ባልቴት ትኩስ የገብስ ቂጣ በአዋዜ አቀረቡልኝ፤ ለበቅሎዬ ድርቆሽ የተቀበሉኝ አንድ መሐለቅ ብቻ ነው። በማግስቱ ሰንዳፋ አደርኩ። የጥቅምት ፀሐይ ጭቃውን አድርቆት ስለነበር መንገዱ አላስቸገረኝም።

አራዳ፣ ሐሙስ

ከጊዮርጊስ በታች ገበያው ሞልቶ ይተራመሳል፤ ማር፣ አሞሌ ጨው፣ ቆዳ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅ። አቶ ይማም ጣታቸው በወስፌ ብዛት የደደረ ሽማግሌ ናቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው «ነገ ወልደየስ ይፈተናል፤ ተቀምጠው ይዩ» አሉኝ። ወልደየስ ሦስት ዓመት አብሯቸው የሠራ፣ ካለፈ በስሙ ሱቅ ሊከፍት የተዘጋጀ ሰው ነው።

አርብ

የወልደየስ ኮርቻ ስፌቱ እንደ ጉንዳን ሰልፍ የተስተካከለ ነበር።

«እኔ ብሆን አሁኑኑ እመርቀው ነበር» አልኩ።

«ዓይን አየው እንጂ ጀርባ መች ቀመሰው?» አሉ አቶ ይማም።

ወልደየስ ኮርቻውን በቅሎ ላይ ጭኖ የእንጦጦን ዳገት ወጥቶ ወረደ። ሲያወርደው የበቅሎዋ ጀርባ በላብ ርሷል፤ በግራ በኩል ግን መዳፍ የሚያህል ቦታ ደርቋል።

«እዚህ ላይ ተጭኗታል፤ ውሎ አድሮ ይቆስላል» አሉ አቶ ይማም። «ጥፋቱን ራስህ ፈልግ።»

ወልደየስ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ቢሆንም ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈውን ድብዳብ ፈታና ውስጡ የታጨቀው ጭድ በአንድ ወገን መቋጠሩን አገኘ። እንደገና ሞልቶ ሰፋው። ቅዳሜ ዳገቱን ደግሞ ወጣ፤ ጀርባዋ እኩል ርሶ ተመለሰ። አቶ ይማም ግን በዚህ አልለቀቁትም፤ ምን እንዳጠፋና ለምን እንደዚያ እንዳረመው ጠየቁት፤ ወልደየስም አስረዳቸው።

«በል፣ በስምህ ሥራ» አሉት። ወልደየስ ጉልበታቸውን ሳመ፤ እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ። እንዲህ በጥንቃቄ ሰው የሚመዝን አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «የእርስዎ በቅሎስ?»

የገዛ እጄ ሥራ የሆነውን ኮርቻ አነሣን። የጀርባዋ ፀጉር ተፍቆ ቆዳዋ ቀልቷል። አፈርኩ። አቶ ይማም አልሳቁብኝም፤ ወስፌ አቀበሉኝና ሦስት ቀን ሙሉ አጠገባቸው አስቀምጠው አስተማሩኝ።

ደብረ ብርሃን

ለአገረ ገዢው መልሴን ሰጠሁ፦ ቻለ የምለው፣ የሠራው ኮርቻ ዳገት ወጥቶ ወርዶ ጀርባ ካልጎዳ፣ ከጎዳም ጥፋቱን ራሱ አግኝቶ ካረመና ምክንያቱን መናገር ከቻለ ነው። «ይህን ለተማሪዎችህ ከመጀመሪያው ቀን ንገራቸው» አሉ።

የመረቅኳቸውን ሁለቱን አስጠራሁና የበቅሎዬን ጀርባና እንደነበረ ይዤው የመጣሁትን ኮርቻ አሳየኋቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ታላቅየው ቁስሉን በጣቱ ዳሰሰና «የኔታ፣ ድብዳቡን አምጡት፤ አብረን እንፍታው» አለኝ።