ለጋቢና ቦታ የተወራረድኩበት እሑድ

አምና ለጡረታዬ ጉዳይ ሰመራ ሄጄ፣ የምፈልገው ሹም "ከሰዓት ይመጣል" ስለተባልኩ አንድ ሻይ ቤት ገብቼ ቁጭ አልኩ። እኔ ያንን አገር ሳውቀው ሰመራ የሚባል ከተማ አልነበረም፤ ጥቁር ድንጋይና ነፋስ ብቻ ነበር። ከጎኔ ሁለት ጎረምሶች ወረቀት ዘርግተው ስለ ኳስ ውርርድ ይከራከራሉ። አንደኛው ጀማሪ መሰለኝ፣ "አንዱ ሲበላሽ ለምንድን ነው ሁሉም የሚበላሸው?" ብሎ ጠየቀ። ጓደኛው ሳቀበት። እኔ ግን ሻዬን አስቀምጬ ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ። ይህንኑ ጥያቄ በእሱ ዕድሜ ጠይቄዋለሁ፤ መልሱ ሲገባኝ ግን ጊዜው አልፎ ነበር።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን፣ ከመልካ ወረር ወዲያ በነበረ አንድ የጥጥ እርሻ ላይ ነው። እኔ የሚዛን ጸሐፊ ነበርኩ። ለቃሚዎቹ ጆንያቸውን ይሰቅላሉ፣ እኔ ኪሎውን አይቼ እጽፋለሁ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሥራዬ ይኸው ነው። በእግራችን ሥር ያለው አፈር በጫማ ውስጥ ያቃጥላል። ከባለቤቴ ጋር የምንኖረው እርሻው ለሠራተኛ ካሠራቸው የቆርቆሮ ቤቶች በአንዱ ነበር። የመጀመሪያ ልጃችንን እዚያው ቀብረናል። ወባ በአራት ወሩ ሲወስደው እኔ ሚዛን ላይ ቆሜ ነበር፤ ሰው መጥቶ ነው የጠራኝ።

ሁለተኛውን ስትፀንስ ለማንም ላንናገር ተማማልን። የመጀመሪያውን ጊዜ ጎረቤት ሁሉ ሆዷን እያየ ሲያደንቅ ነበርና ባለቤቴ ልጁን ዓይን በላብኝ ብላ ደምድማለች። እኔ ስምንተኛ ክፍል የጨረስኩ፣ ተምሬያለሁ ባይ ነኝ፤ በዓይን አላምንም እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን እኔም ፈርቼ ነበር። በዚያ ሙቀት ጋቢ ደርባ ትውላለች፣ ውኃ የምትቀዳው ሰው ከቧንቧው ሲርቅላት ነው። ሰው ቢጠይቀኝ "ወባዋ ተነስቶባት ነው" እላለሁ። ስምንተኛ ወሯን ስትይዝ እናቷ ዘንድ ናዝሬት ሄዳ እንድትወልድ ተስማማን። እዚያ ሐኪም ቤት አለ፣ አየሩም እንደኛው እሳት አይደለም። ይህን ልጅ በሕይወት ማግኘት፣ ከዚያ በቀር የምፈልገው ነገር አልነበረኝም።

ችግሩ መውጫው ነው። በለቀማ ወራት ፈቃድ በተራ ነበር። በየቅዳሜው ጥጥ ጭኖ አዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር ጣቢያ የሚሄደው መኪና ጋቢናው ከሾፌሩ ሌላ ሁለት ሰው ስለሚይዝ፣ በሳምንት የሚወጣው ሁለት ሰው ብቻ ነው። ባለተራው ቢፈልግ ራሱ ይሄድበታል፣ ቢፈልግ ለቤተሰቡ ይሰጠዋል። ዝርዝሩ መጋዘኑ በር ላይ ተለጥፏል። የኔ ስም ያለው ሰባተኛው ቅዳሜ ላይ ነበር፤ የባለቤቴ ቀን ደግሞ ከአምስት ሳምንት አያልፍም። ሥራ አስኪያጁ በቂ ምክንያት ካልሰማ ከተራ ውጪ ማንንም አያስወጣም፣ ምክንያቴን ደግሞ ላልናገር ምያለሁ። በዋናው መንገድ የሚያልፉ ከብት ጫኝ መኪኖች ነበሩ። እርጉዝ ሚስቴን ከበሬ ጋር አልጭናትም።

ለካ ተራ በሌላም መንገድ ይገኛል። በገንዘብ ቁማር የተያዘ ይባረራል ስለተባለ፣ ጸሐፊዎቹና መካኒኮቹ እሑድ እሑድ በሚደረገው የኳስ ጨዋታ የሚወራረዱት በቅዳሜ ተራቸው ነበር። የተበላው ሰው ስም ይሰረዛል፣ የበላው ስም ይጻፋል። የዚህ ሁሉ አለቃ አንድ የድሬዳዋ ልጅ፣ መካኒክ ነበር። አባቱ የባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ውርርዱን ከባቡሩ ፈረንጆች ተምሮታል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ቅዳሜ ለእሱ አዋሽ ሄዶ ቀዝቃዛ ቢራ መጠጣት ማለት ነው። ከመጪው እሑድ ጨዋታ በኋላ ላለው ቅዳሜ ሁለቱም ቦታ በእጁ ነበር፤ አንዱ የራሱ ተራ፣ ሌላው ከመጋዘን ጠባቂው የበላው።

ማክሰኞ ዕለት ሻይ ቤት አገኘሁትና "እኔም ልግባ፣ ግን አላውቅበትም" አልኩት። ሻይ ቤቱ የአንድ የወሎ ሰው ነው፤ ሁላችንም ሐጂ እንላቸው ነበር። መካኒኩ ደስ ብሎት ከጠረጴዛው ሥር ቆርኪ ለቃቀመና ደረደረልኝ።

"የመጀመሪያው ቁርጥ ይባላል" አለኝ። "ማን ያሸንፋል? እሱን ብቻ ትላለህ። ልብ በል ግን፣ እኩል ከወጡ ተበላህ። እኩል ይወጣሉ ማለት ራሱን የቻለ ሌላ ውርርድ ነው።"

"ሌላስ?"

"መነሻ አለ። ደካማው ቡድን ገና ሳይጀመር አንድ ጎል ይቆጠርለታል። ሜዳ ላይ ሁለት ለአንድ ቢሸነፍ በእኛ ሂሳብ እኩል ነው። ደሞ ብዛት አለ። ማንም ያግባ ማን ግድ የለህም፤ ጎሉ በጠቅላላው ከሦስት ይበልጣል ወይስ ያንሳል፣ ይኸው ነው። ከሰው መጣላት ለማይወድ እንዳንተ ላለ ሰው ጥሩ ነው።"

ሁለት ቆርኪ አንሥቶ አንዱን በሌላው ላይ ደረበ። "ይኼ ጥንድ ነው። ሁለት ጨዋታ አንድ ላይ ታስራለህ። ሁለቱም ከሠመረልህ በአንዷ ተራህ ሁለት ቦታ ትወስዳለህ። አቦ፣ አንተ ግን እሱን ተወው። የጀማሪ ነገር አይደለም። በአንዷ ተራህ አንድ ቦታ ያዝ፣ ቁርጥ ግባ፣ በቃህ።"

ሐጂ ብርጭቆ እየሰበሰቡ ሰምተውናል። "ቁማር ሐራም ነው፤ የኔን ቤት ቆርኪ አትንኩብኝ" አሉ። ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

የመካኒኩን ምክር ብሰማ ኖሮ! እኔም አንድ ቦታ በቂ ነው ብዬ ነበር የተነሣሁት፤ እሷን እልካታለሁ፣ እኔ ተራዬ ሲደርስ እከተላለሁ። ለምሳ ቤት ገብቼ ውርርድ የሚለውን ቃል ሳላነሣ "የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ አንድ ቦታ ላገኝልሽ እችላለሁ" አልኳት።

"ለኔ ብቻ?" አለች።

"ለጊዜው።"

"ብቻዬን አልሄድም። ያ ልጅ ሲሞት ብቻዬን ነበርኩ። ይኼኛውን ብቻዬን አልወልድም።"

ምን ይባላል ለዚህ? "እሺ፣ ሁለታችንም እንሄዳለን" አልኳት። ባልያዝኩት ነገር ቃል ሰጠሁ። እሷም በዚያው ቀን ከአሮጌ ነጠላዋ ለሕፃን መጠቅለያ ቀዳ መስፋት ጀመረች። እኔ ወደ ጋራዡ ሄጄ "ጥንድ፣ ሁለቱንም በቁርጥ" አልኩት መካኒኩን። እሱም ትከሻውን ሰበቀ።

እሑድ ሁለት ጨዋታ ነበር። በመጀመሪያው የመዳመጫ ቤቱ፣ የጥጥ መፈልቀቂያው፣ ሠራተኞች ከመስኖ ሠራተኞቹ ጋር ተጋጠሙ፣ እኔ መዳመጫውን ያዝኩ። ሦስት ለአንድ አሸነፉ። እንዲያ የጮኽኩበትን ቀን አላስታውስም፤ ከጎኔ ያሉት "ይኼ ሰውዬ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ኳስ ወዳድ የሆነው" ይላሉ። ሁለተኛው የእርሻችን ቡድን ከአዋሽ ከመጡት የባቡር ጣቢያ ልጆች ጋር ነው። እኔ የኛን ልጆች ይዣለሁ፣ መካኒኩ እንደልማዱ ከባቡሩ ወገን ነው። ከዕረፍት በፊት አንድ አገባን። ከዚያ በኋላ ጨዋታውን ማየት አልቻልኩም። የማየው ፀሐይዋን ነበር፤ ቶሎ ጥለቂና ይለቅልኝ እያልኩ። በልቤ ባለቤቴን ጋቢናው ውስጥ አስቀምጬ፣ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ናዝሬት ደርሻለሁ።

ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው የኛው ተከላካይ ኳሷን በእጁ ነካ። ዳኛው ፊሽካውን ነፍቶ ሪጎሬ፣ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ሰጠ። በረኛችን በስተቀኝ ወደቀ፣ ኳሷ በስተግራ ገባች። አንድ ለአንድ አለቀ።

ሰው አቧራውን እያራገፈ ሲበተን መካኒኩን ክንዱን ያዝኩት። "የመጀመሪያው ደርሶልኛል። አንዱ ቦታ የኔ ነው።"

"ጥንድ እኮ ግማሽ የለውም" አለኝ። አልተቆጣም፣ አላሾፈም። "አንዱ ከወደቀ ሁለቱም ወደቁ። ነግሬህ ነበር እኮ።"

"አልተሸነፍንም እኮ፣ እኩል ነው የወጣነው!"

"ቁርጥ ነው የገባኸው። እኩል ከወጣ ትበላለህ ብዬሃለሁ።"

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሚስቴ ልትወልድ ነው፣ እባክህ አንዱን ቦታ ልቀቅልኝ፤ ይህችው ናት። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሷል። ግን ስድስት ሰባት ሰው ከቦናል፣ ሁሉም ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ያ መሐላ ትዝ አለኝ። ከመሐላው በታች ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ ተበልቶ የሚለምን ሰው መባልን ፈራሁ። አፌን ዘግቼ ሄድኩ። በማግስቱ መጋዘኑ በር ላይ ከሰባተኛው ቅዳሜ ስሜ ተሰርዞ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ሐጂ ሻይ አቅርበውልኝ ፊቴን አይተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሌላ ሰው አልነበረም። ምን እንደያዘኝ አላውቅም፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው።

"ያ አላህ!" አሉ። "ለዚህ ነው ቁማር የገባኸው? ተነሥና ሂድ ንገረው። ሰው ነው፣ ድንጋይ አይደለም። ካፈርክ እኔ ልንገርልህ።"

"አይሆንም ሐጂ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ። ባለቤቴ ሰው መስማቱን ካወቀች ትሞትብኛለች።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። በአላህ ስለያዝኳቸው ምስጢሬን ጠበቁ። ዛሬም ድረስ ምነው ባልጠበቁልኝ እላለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ጓዟን ቋጥራ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። "መኪናው ተበላሽቷል፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ነው" አልኳት። ወዲያው መኪናው በቤታችን ጀርባ እያጓራ አለፈ። ሁለታችንም ሰማነው። እሷ ቋጠሮውን ፈታ መጠቅለያዎቹን አንድ በአንድ አውጥታ እንደገና አጣጠፈች። እኔ ሚዛን ቤት ገብቼ ቀኑን ሙሉ የጻፍኩትን ኪሎ አንዱንም አላስታውሰውም።

ማክሰኞ ትኩሳት ያዛት። ረቡዕ ረፋዱ ላይ ያለ ቀኑ ምጥ መጣ። የእርሻው ድሬሰር፣ ሠራተኛውን የሚያክመው፣ የሚችለውን አደረገ፤ ጎረቤቶቹም እንዲያ የደበቅናቸው ሴቶች ሳይጠሩ መጥተው ወገቧን ያዙ። ሴት ልጅ ነበረች። በጣም ትንሽ ነበረች። እስከ አሥር ሰዓት ተነፈሰች። ሐሙስ ጠዋት ከወንድሟ አጠገብ ቀበርናት። አንዷ ጎረቤታችን "ምነው ብትነግሩን፣ ከመቼ ወዲህ ነው እኛ ጠላት የሆንነው?" እያለች አለቀሰች። ሰው ሲያለቅስልኝ እኔ የማለቅስበት መብት እንኳ የለኝም ብዬ አሰብኩ።

የባለቤቴ ትኩሳት አልለቅ አለ። ድሬሰሩ ሐኪም ቤት ትድረስ ሲል ዓርብ በቀጥታ ጋራዡ ሄድኩ። መካኒኩ ከመኪና ሥር ወጥቶ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ እስከመጨረሻው አዳመጠኝ።

"ሁለቱንም ቦታ ውሰድ" አለኝ። "ባለተራዎቹን እኔ አነጋግራቸዋለሁ።" ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። "አቦ፣ ያኔ ለምን አልነገርከኝም? ያለፈው ቅዳሜ አንዱ ቦታ ላይ እኮ ጎማ ጭኜ ነው የሄድኩት። ጎማ!"



በማግስቱ በመኪናው ጋቢና ሁለታችንም ተሳፈርን። እሷ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ መሐል። ቋጠሮው ጭኗ ላይ ነው፤ መጠቅለያዎቹን አላወጣቻቸውም። ጥቂት እንደሄድን፣ ሾፌሩ እንዳይሰማ ዝቅ ባለ ድምፅ "ቦታውን እንዴት አገኘኸው?" አለችኝ። ስለ ውርርዱ ከጎረቤት ሰምታለች መሰለኝ።

"ጠየቅኩት" አልኳት።

"ጠየቅከውና ሰጠህ?"

"አዎ።"

ከዚያ እስከ አዋሽ ድረስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሄደች። ጣቢያው ደርሰን ባቡሩ እስኪመጣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ሲመጣ ቋጠሮውን ልይዝላት እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን ወደ ደረቷ አስጠጋችውና "አንተ ወደ ሥራህ ተመለስ" አለችኝ። "ብቻዬን እሄዳለሁ።"